እንሰታችንን ከባቡር መንገድ ስናሸሽ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ቃልኪዳን የግቢዋን በር ቀይ ልታስቀባ ሰው አመጣች። ቤቷ ሶዶ ነው፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ። ቀለም ቀቢው የጣሳውን ክዳን ፈልቅቆ ሲከፍተው ሽታው እኔ እስከተቀመጥኩበት በረንዳ መጣና አፍንጫዬን ያዘኝ። ቃልኪዳን ፊቴን አየችና «አያቴ፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። «አይ፣ ባቡር ሸተተኝ» አልኳት። ሁለቱም ሳቁ። ቀቢው የሳቀው አሮጊቷ ጃጀች ብሎ ነው፣ ገብቶኛል፤ እኔም ቀለሙ ሱሪው ላይ እስኪንጠባጠብ ጠብቄ በደንብ ሳቅኩበት። ቃልኪዳን ግን ቆየት ብላ አጠገቤ ቁጭ አለች፣ ስልኳን አወጣችና የባቡሩን ነገር ከመጀመሪያው ንገሪኝ፣ እጽፈዋለሁ አለችኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የተናገርኩትን የጻፈችው እሷ ናት፤ ጥሩ የሆነው የእኔ ነው፣ ስህተት ካለ የእሷ።

እኛ አገር፣ ወላይታ፣ ባቡር የለም፣ ኖሮም አያውቅም። ታዲያ ባቡር ያላየች ሴት ባቡር እንዴት ይሸታታል ብትሉ፣ ነገሩ የሚጀምረው ከባሌ ከላሊሶ ነው። እኔ ገና ሳልታጭ፣ እሱ ጎረምሳ ሆኖ፣ ከሠፈራችን ልጆች ጋር መተሐራ ሸንኮራ ቆረጣ ወርዶ ነበር። ያኔ የወላይታ ጎረምሳ ብር ካማረው ወደ ሸንኮራው ነበር የሚወርደው፣ እንደ ዛሬው ድንበር አይሻገርም። ሲመለስ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ካኪ ቁምጣ፣ ነጭ ናይለን ሸሚዝ፣ በሦስት ብር የተገዛ ሸራ ጫማ፣ ኪሱ ውስጥ ደግሞ ክብ መስታወት። ቦዲቲ ገበያ መሃል ቆሞ መስታወቱን እያወጣ ፀጉሩን ያያል። እኔ ቅቤ ይዤ ለመሸጥ ቁጭ ብያለሁ፤ አንድ ቅል ሙሉ ቅቤ ያኔ በሁለት ብር ነበር፣ ዛሬ ለሁለት ብር መንገድ የሚያሳይህም የለም። መስታወቱን ለእኔ ብትሰጠኝ ይሻላል፣ የሚታይ ነገር ያለኝ እኔ ነኝ አልኩት። በዚህ ነው የተጋባነው። እሱ በሕይወት ሳለ ሰው ሲጠይቀው ግን በሽማግሌ ነው ይል ነበር።

ከመተሐራ ይዞ የመጣው ብር ቶሎ አለቀ፣ ባቡሩ ግን አላለቀም። አገዳ እየቆረጡ ባቡሩ ሲያልፍ ሁሉም ገጀራውን አውርዶ ያይ እንደነበር፣ ሲቆም ሴቶች በመስኮቱ ሥር እየሮጡ ቲማቲምና የተቀቀለ እንቁላል እንደሚሸጡ፣ ገና ከሩቅ ሳይታይ መሬቱ ከእግር ሥር እንደሚነዝር፤ ይሄን እኔ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አትጠይቁኝ። ልጆቼን ጡት ያጠባሁት ከዚህ ወሬ ጋር ነው። ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው አንድ ቀን ከአፉ ያመለጠው፣ ለካ እሱ ራሱ አንድም ቀን አልተሳፈረም። ለቲኬቱ የሚሆን ብር ነበረው፤ ሸራ ጫማውን ገዛበት። ከዚያ በኋላ ከእኔና ከባቡሩ ማንን ትመርጣለህ እያልኩ አደርቀው ጀመር። «አንቺም ትጮኺያለሽ፣ እሱም ይጮሃል። ልዩነቱ እሱ ጮሆ ይሄዳል» ይለኛል። እንዲህ ነበር የምንኖረው።

ልጆች ወለድን፣ አሳደግን፣ ዳርን። ቤት ውስጥ የቀረው የመጨረሻው፣ ታምራት ብቻ ሆነ። ያኔ ከቦዲቲ ባጃጅ ብር ከሃምሳ ነበር፤ አሁን በብር ከሃምሳ ባጃጁን ልንካው ብትሉ ሾፌሩ ይቆጣል። ስኳር በወረፋ ነበር። ወጣቱ ሁሉ ጠባብ ሱሪ ለብሶ፣ ፀጉሩን በቅባት አቁሞ፣ ዝማሬ የተጫነበት ስልክ ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ እየዘመረ ነው የሚሄደው፤ በመንገዱ አምስት ልጅ ሲያልፍ አምስት መዘምራን ያለፈ ይመስላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ነው አንድ ነጭ ላንድክሩዘር በማሳችን ጥግ መጥቶ የቆመው። ሰኔ ነበር፣ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ለጋ ለጋ ኢንጂነሮች ወረዱ፣ ባለ ሦስት እግር መነጽራቸውን አቆሙ፣ ሜትር ዘረጉ፣ ችካል መቱ፣ የችካሉን ጫፍና አጠገቡ ያለውን ድንጋይ ሁሉ ቀይ ቀለም ቀቡት። ሽታው ያ ነው። ከዚያ የቀበሌው ሊቀመንበር ዛፍ ሥር ሰበሰበን። ባቡር ሊመጣ ነው፣ በእኛ በኩል አልፎ አርባ ምንጭ ይወርዳል፣ ቀይ ምልክቱ ባለበት መስመር ቤት እንዳትሠሩ፣ ቋሚ ተክል እንዳትተክሉ፣ በጀቱ ሲፈቀድ ካሳ ይታሰባል አለን። ሰው አጉረመረመ። ላሊሶ ግን ኮፍያውን አውልቆ ተነሳ። «የት ጋ ነው የሚቆመው?» ብሎ ጠየቀ። ሊሳፈር ነው እንግዲህ፣ በዚያ ሽበቱ።

መስመሩ ያረፈው ከቤታችን ጀርባ እንሰቱ ላይ ነበር። በእኛ ቋንቋ ኡታ እንለዋለን። በቆሎ ቢቀር፣ ስኳር ድንቹ ቢደርቅ፣ ኡታ ጓሮ ውስጥ ቆሞ ካለ ቤት ውስጥ ሰው አለ ማለት ነው። እንሰት ደግሞ እንደሌላው ተክል አይደለም፣ በበቀለበት አያረጅም። ሕፃን ሲሆን ተጠጋግቶ ይተከላል፣ ከፍ ሲል ተነቅሎ ሰፋ ወዳለ ቦታ ይሄዳል፣ በመጨረሻ ወደ ቋሚ ቦታው ይዛወርና እዚያ ፍግ እየበላ፣ ማንም ሳይነካው፣ ዓመት ጠብቆ ይወፍራል። ከተማ ለሚኖር ሰው ነው ይሄን ሁሉ የማስረዳው። እና እንሰት መንቀልና መትከል ለእኛ ብርቅ ስላልሆነ ነው ላሊሶ ያንን ሐሳብ ያሰበው፤ የሌላ አገር ሰው ቢሆን አይመጣለትም ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ካሳው እንዲበዛለት በችካሎቹ መሃል ችግኝ ሲያጭቅ፣ እሱ የመንግሥትን በጀት በእንሰት ካሳ አላስጨርስም፣ ብሩ ሐዲድ ይግዛበት አለ። እንሰታችንን በሙሉ ከመስመሩ አውጥቶ ከቤቱ በስተግራ ሊያዛውረው ተነሳ። ቋሚ ቦታቸው የደረሱትን ተዋቸው ብዬ ለመንኩት። አልሰማኝም። ታምራት አባቱ ደስ ሲለው ደስ የሚለው ልጅ ነው፣ ሁለቱ ዶማ ይዘው ወረዱበት። ላሊሶ እየቆፈረ ያፏጫል። የባቡር ፉጨት ነው።

በሚቀጥለው ሰኔ ያው መኪና ተመልሶ መጣ። ላሊሶ ሐዲድ የጫነ መስሎት በባዶ እግሩ ሮጦ ወጣ። ያመጡት ሜትር ነው። ልጆቹ ሌሎች ናቸው፣ ጥናቱ ተሻሽሏል አሉ፤ አዲሱ ቀይ መስመር ከቤቱ በስተግራ፣ ልክ እንሰቱን ባዛወርንበት በኩል አለፈ። የሜትሩን ጫፍ የሚይዝላቸው ሰው ፈልገው «አባባ፣ ያዙልን» አሉት፣ ሄዶ ያዘላቸው። ደረቱን ነፍቶ ነው የያዘው፣ ባቡሩን በገመድ የሚጎትተው እሱ ይመስል። መኪናው ሲሄድ እንሰቱን ወደ ቀኝ አዛወረ። ሦስተኛው ሰኔ ሲመጣ መስመሩ ወደ ቀኝ መጣ። ሳቁ፣ ምንም አይደለም፤ እኔም ስቄአለሁ። እንሰታችን እግር አውጥቷል፣ ከርሞ ራሱ ሄዶ ቦዲቲ ይሸጣል እያልኩ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራ ነበር። ሴቶቹ ውሃ መቅጃው ጋ ሲያዩኝ ኡታሽ ዛሬ የት አደረ ይሉኛል።

ለምን ሁልጊዜ ሰኔ እንደሚመጡ ያስረዳኝ የእህቴ ልጅ ማርቆስ ነው። ሶዶ አንድ መሥሪያ ቤት ፋይናንስ ክፍል ነው የሚሠራው፣ ከረባት ያስራል፣ ግን ጨዋ ልጅ ነው። በጊፋታ፣ በአዲስ ዓመታችን፣ ሊጠይቀን መጣና ሥጋውን በዳጣ እየበላ ሳለ ጠየቅኩት። አፉ ሙሉ ስለነበረ ቀስ ብሎ ነው ያስረዳኝ። ባቡር በአንድ ዓመት በጀት አይሠራም አለኝ። መንግሥት የአስተማሪውን ደመወዝ፣ የጤና ጣቢያውን መድኃኒት ከሚሰበስበው ግብር ይመድባል፤ ሐዲዱና ባቡሩ ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ስለሆነ ከውጭ ይበደራል። አበዳሪው ደግሞ መጀመሪያ በሌላ በኩል የተሠራውን ሐዲድ ብድር መልሱ ይላል፤ ያኛው ሐዲድ ገና ራሱን አልቻለም፣ የሚያገባው ዕዳውን አይሸፍንም። ስለዚህ ሥራውን በምዕራፍ ከፋፈሉት፣ የእኛ ምዕራፍ ከኋላ ነው። ከኋላ ከሆነ ታዲያ ችካሉ ለምን ቀደመ አልኩት። እዚህ ላይ ሥጋውን ዋጠ። ችካሉ የሐዲዱ በጀት አይደለም፣ የጥናት ነው አለኝ። ብድሩ ባይመጣም ለጥናት ተብሎ ትንሽ ብር በየዓመቱ ይያዛል። የመንግሥት ዓመት የሚያልቀው ሰኔ ሠላሳ ነው፤ እስከዚያ ያልወጣ ብር ይመለሳል፣ ብር የመለሰ መሥሪያ ቤት ደግሞ አልፈለግከውም ማለት ነው ተብሎ ለከርሞ ይቀነስበታል። እና ሐምሌ ሳይገባ መኪናው ነዳጅ ይሞላል፣ ልጆቹ አበላቸውን ይይዛሉ፣ ይመጣሉ፣ ይለካሉ። ባለፈው የለካነውን ለካን ብለው ቢጽፉ ደግሞ ለምን ሄዳችሁ ይባላሉ። ስለዚህ መስመሩን ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ ያደርጉታል።

እኔ ሳቄ መጣ። ማርቆስ ግን አልሳቀም፤ አክስቴ፣ እንሰቱን አንድ ቦታ ትከሉትና ይቀመጥ አለኝ። ላሊሶ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። «አንተ ያየኸው ወረቀቱን ነው» አለው፣ «እኔ ባቡሩን አይቼዋለሁ።» ብሎ ወጣ። የዚያን ዓመትም አዛወረው። ልከለክለው እችል ነበር ወይ ብላ ቃልኪዳን አሁን እየጻፈች ትጠይቀኛለች። ልጄ፣ አያትሽ በሕይወቱ ብዙ ነገር አልነበረውም። ሰው ከሸንኮራ ቆረጣ ጀምሮ የያዘውን ነገር እንዴት ነው ከእጁ የምትነጥቂው?

በዚህ መሃል ነው ታምራት ልጅ የወደደው። አስቴር ትባላለች፣ የዱቦ ልጅ፣ ስትስቅ ከንፈሯን በነጠላዋ የምትሸፍን። ልጄ ሚኒባስ እንኳ ሳይጠብቅ በእግሩ ዱቦ ይወርዳል፤ የት ነበርክ ስለው ሐኪም ቤት ሰው ልጠይቅ ይላል። በሽታውን አውቄዋለሁ፣ ቀሚስ ይለብሳል አልኩት። ጆሮው ድረስ ቀላ። ከቦዲቲ ልባሽ ጨርቅ ተራ ቡናማ ጃኬት ገዛ፣ የሆነ ፈረንጅ የጣለው፣ እጅጌው ይረዝምበታል፤ አጥፎ አጥፎ ለበሰው። ከዚያ በፊት ያን ያህል ሲያምር አላየሁትም። አባቱም ደስ አለው፣ እኔም ደስ አለኝ፣ ሽማግሌ ላክን።

በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ሲያገባ አባት ከጓሮው እንሰት ከፍሎ ይሰጠዋል። ቤቱን ጎረቤት ተሰብስቦ ቶሎ ይሠራዋል፣ እንሰት ግን ተሰብስበው አያወፍሩትም፤ ስለዚህ የልጅቷ አባት እሺ ከማለቱ በፊት አንድ ቀን እንደ እንግዳ ብቅ ይላል። ይበላል፣ ስለ ዝናቡ ይጫወታል፣ ከዚያ እግሬን ላፍታታ ብሎ ወደ ጓሮ ይዞራል። ለምን እንደዞረ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያወራውም። ከእንሰቱ ትልቁን መርጦ በሁለት እጁ ያቅፈዋል። ጣቶቹ ካልተገናኙ ልጁን ሰጠ። የእኔ አባት የላሊሶን አባት እንሰት ሲያቅፍ አጥር ውስጥ ተደብቄ አይቻለሁ፤ እንሰቱን ሳይሆን አባቴን ሰው ያቀፈው ነበር የሚመስለው።

የአስቴር አባት አቶ ዮሐንስ ትሑት ሰው ናቸው፣ ቤተክርስቲያን ውስጥ ሽማግሌ ናቸው። ሙቹዋ ሠራሁላቸው፣ ቆጮው በቅቤና በቅመም ታሽቶ እጅ ላይ እስኪቀልጥ። ቆጮውን የገዛሁት ከገበያ ነው፣ አላወራሁም፤ ገበያ የወጣሁትም ሰው እንዳያየኝ ሶዶ ድረስ ሄጄ ነው። በሉ፣ አመሰገኑ፣ ስለ ዝናቡ ተጫወቱ፣ ወደ ጓሮ ዞሩ። ላሊሶ ተከተላቸው። እኔ በኋላ በር ቆሜ አየሁ። ትልቁን አቀፉት፤ ጣቶቻቸው መገናኘት ብቻ አይደለም፣ እጆቻቸው ተላለፉ። ይሄ እንሰት ስንት ዓመቱ ነው ብለው ጠየቁ። ላሊሶ ነገራቸው። ታዲያ ምን ሆኖ ነው አሉ። ላሊሶም አላፈረም፣ ባቡር ስለሚመጣ ነው፣ ከመንገዱ እያነሳሁት ነው አላቸው። አቶ ዮሐንስ ቀዩን ድንጋይ አዩ፣ ላሊሶን አዩ። አልተቆጡም።

«ላሊሶ፣ ልጄ ባቡሩ እስኪመጣ ምን እየበላች ትጠብቀዋለች?» አሉት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከዱቦ ቃል መጣ፣ በጥሩ አነጋገር፣ ይቅርታ ተብሎ። ያን ዓመት በልጉም ቀረ። ስኳር ድንቹ መሬት ውስጥ ደረቀ፣ በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ ተቃጠለ፣ እኛም ከእንሰቱ ትልልቁን ቆረጥነው። ሴቶች መጥተው ፋቁልን። ቀኑን ሙሉ ፍቀው የወጣው ቃጫ ነው፤ ገመድ የሚሆን ብዙ ነገር ወጣ፣ የሚበላ ግን እፍኝ ብታህል ነው። ያኔ ማንም ኡታሽ የት አደረ ብሎ አልቀለደብኝም። ሰው ሲያዝንልሽ እንደሚቀልድብሽ አይጣፍጥም።

ታምራት በሬውን ሸጠ፣ ከጓደኞቹ ጋር በሞያሌ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ ተነሳ። ከዱቦ ቃል ከመጣ ወዲህ ለአባቱ ክፉ ቃል ተናግሮ አያውቅም። የሄደ ቀን ጠዋት መንገዱ ድረስ ሸኘሁት፤ ያን ጃኬት ይሞቀኛል ብሎ ተወው። ስልክ በየቦታው እንዲደውል፣ ሰው ሁሉ የሰጠውን እንዳይበላ፣ እናት የምትለውን ሁሉ አልኩት። እየሰማኝ ሳይሆን ወደ ቤቱ እያየ ነበር።

«እማ፣ የቀረውን እንሰት ተዉት፣ ይቀመጥ» አለኝ። «ስመለስ አንድ ቦታ ላግኘው።»

ሁለት ጊዜ ደወለ። ሁለተኛው ላይ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ደህና ነኝ፣ ብርድ ነው ሲል ብቻ ነው የሰማሁት። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ አብሮት የነበረ ልጅ ወንድም ከሆሳዕና ደወለልን፤ የጫናቸው መኪና ገደል ገብቷል፣ እዚያው መንገድ ዳር ቀብረዋቸዋል። የአገሩን ስም ነግሮን ነበር፣ አፌ ላይ አልያዝ አለ። እኛ እዚህ ድንኳን ተከልን፣ ሰው መጣ፣ የሚቀበር ግን የለም። አልጋው ላይ ቡናማ ጃኬቱን ዘርግተን አለቀስንበት፣ እጅጌው እንደታጠፈ ነበር። አቶ ዮሐንስም መጡ፣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡና እስከ መጨረሻው ቀና አላሉም። አስቴር አልመጣችም። ያኔ ለሌላ ታጭታ ነበር፣ እንዴት ትመጣለች?

ላሊሶ ከዚያ በኋላ ስለ ባቡር አላወራም። እኔም አላነሳሁበትም። ሰኔ መጣ፣ መኪናውም መጣ። እንደ ልማዳቸው ሜትሩን ዘርግተው አባባ ያዙልን አሉት። አይሄድም ብዬ ነበር፤ ተነስቶ ሄደ። ንዴት አፈነኝ፣ ከበሩ ላይ ሆኜ የሆነ ነገር ልጮህበት ነበር። የሜትሩን ጫፍ ችካሉ ላይ አድርጎ ያዘ። ልጆቹ ለክተው ጨረሱ፣ ጻፉ፣ ወደ ቀጣዩ ሊሄዱ ልቀቁት አሉት። አልለቀቀም። እንደገና አሉት። ቆሟል፣ ያያቸዋል፣ ይዟል። በመጨረሻ አንዱ ልጅ እሱ ድረስ መጥቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀው፣ ቀስ ብሎ ነው፣ በክፋት አይደለም። ላሊሶ እጁን እንደዘረጋ ቤት ገባ። ተቀመጠና «ትከዪው» አለኝ። መትከል በእኛ ዘንድ የወንድ ሥራ ነው፤ ፍጉን የምታወጣ ሴት ናት። የተከልኩት ግን እኔ ነኝ፣ መጀመሪያ በነበረበት፣ በመስመሩ መሃል፣ ከተረፉት ጉማጆች ላይ ያወጣኋቸውን ችግኞች። እሱ በር ላይ ተቀምጦ ያይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በመጡ ቁጥር እኔ ነኝ የምቀበላቸው። አዳዲስ ልጆች ናቸው፣ እማማ፣ ቋሚ ተክል እኮ ተከልክሏል ይሉኛል። ሐዲዱን አሳዩኝ፣ እኔው ራሴ እነቅለዋለሁ እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፣ እንሰቱን ዞረው ይለካሉ። አንዱ ቀጭን ነበር፣ የእናቱን ስም ጠይቄው አበላሁት፤ እሱ ምን ያድርግ፣ ላኩት መጣ። ችግኙ ሲያድግ ከዚያው ሳላወጣው ሰፋ ሰፋ አድርጌ ዘረጋሁት፣ ቋሚ ቦታው አደረስኩት፣ ተውኩት። አንድ ሰኔ መኪናው ሳይመጣ ቀረ። አገሩ ሌላ ጣጣ ገጥሞት ነበር፤ ማርቆስ ሲመጣ የጥናቱም ብር ታጥፏል፣ ወደ ሌላ ዞሯል አለን። ላሊሶ ያን ሰኔ በየጠዋቱ ቀዩ ድንጋይ ላይ እየተቀመጠ መንገዱን ሲያይ ይውል ነበር። ምን እየጠበቅክ ነው ብዬ ልጠይቀው እየፈለግኩ አልጠየቅኩትም፤ ልጁን ቢለኝስ ብዬ ፈራሁ። በጋው ላይ አረፈ። ብዙም አልታመመ፣ አሁን አሁን ሳስበው አርፎ ለመሞት የሚሆን ጉልበት ብቻ ነበር የቀረው። የቀብሩ ቀን ላለቅስ ስል ያ ክብ መስታወት ትዝ ብሎኝ ሳቅ አመለጠኝ፣ ሴቶቹ አበደች አሉ።

አሁን መንገዱ አስፋልት ነው፣ ባጃጁ እንደ ዝንብ ነው፣ ድንጋዮቹ ላይ ሻጋታ ወጥቶ ቀዩ አይታይም። ልጆች ባቡር ይመጣል ተብሎ ነበር ስትሏቸው ተረት የምታወሩ ይመስላቸዋል። ምናልባት ይመጣል፣ እኔ ምን አውቃለሁ፤ ማርቆስ አሁንም ዕቅዱ ውስጥ አለ ይለኛል፣ ከረባቱን እያስተካከለ።

ዘንድሮ እንሰቱ ደረሰ። እዚያው በተተከለበት፣ ማንም ሳያነሳው፣ ኮባው ከቤቱ ጣሪያ በላይ ሆነ። የሠፈሩን ሴቶች ጠራሁ፣ ለመፋቅ። መፋቂያቸውን ይዘው መጡ፣ ወንድ አባረርን፣ ጥላ ሥር ተደርድረን ተቀመጥን፣ ሐሜቱም ተጀመረ፤ ያለ ሐሜት እንሰት አይፋቅም፣ ይሄን መንግሥትም ያውቃል። ቆጮው የሚቀበርበትን ጉድጓድ ቆፍረን ኮባ እያነጠፍን ሳለ አንዲት ሴት በአጥሩ ገባች፣ ከንፈሯን በነጠላዋ ሸፍና። አስቴር ናት። ቦዲቲ ነው ያገባችው፣ ነጋዴ ነው ባሏ፣ ልጆች አሏት፣ ወፈር ብላለች። ማን እንደነገራት አላውቅም። ሰላም ብላ ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ ከሴቶቹ መሃል መፋቂያ ተቀብላ ተቀመጠች። ቡላው ከሳንቃው ሥር እንደ ወተት ይወርዳል፣ ነጭ፣ ወፍራም፤ አሮጊቶቹ እንኳ እንዲህ ያለ አይተን አናውቅም ይላሉ። እሷ ፍቃ ፍቃ ቆም አለች። እጇን አነሳችና አየችው፣ እስከ ክንዷ ነጭ ሆኗል።

«እማማ፣ ያኔ እንዲህ ቢሆን ኖሮ አባቴ እሺ ይሉ ነበር» አለችኝ።

የሆነ ነገር ብዬ ላስቃት አፌን ከፈትኩ፣ ለሁሉም ሰው የሚሆን ነገር አላጣም። አልመጣልኝም። አስቴር ፊቷን በትከሻዋ ጠረገችና መፋቋን ቀጠለች፣ እኔም ኮባውን ማንጠፍ ቀጠልኩ፤ ሴቶቹ እያመጡ ይጨምራሉ፣ እያመጡ ይጨምራሉ። ለአንድ አሮጊት ይበቃል ብለን የቆፈርነው ጉድጓድ ሞላ። አጠገቡ ሌላ መቆፈር ነበረብን።